የምድር መንቀጥቀጥና የቤተ መጻሕፍት ጥቅም
(በራዲዮ ከተነገረው)



ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ስለ አንድ ቤትና በዚያ ቤት ስለሚገኝ አንድ መጽሐፍ ነው። ቤቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ መጽሐፉም የአገራችንን የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘ ነው። «ይህ ለተማሪና ለመምህር እንጂ ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ምን ይጠቅመናል?» የሚል አድማጭ ቢኖር፣ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ እንዲያዳምጠኝ እለምናለሁ። እኔም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ በቀጥታ ወደ ሥራ የገባሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ብዙ ዘመን እንደዚሁ ሳስብ ኖሬአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ እንደ ተንቀጠቀጠች ሁላችንም እናስታውሳለን። በታኅሣሥና በጥር መንቀጥቀጡ በርትቶ፣ በዐሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱንና ከብቱን ይዞ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። እዚህ በአዲስ አበባም፣ በተለይ በፎቅ ቤት የምንኖር ሰዎች፣ አልጋችን ሲነቃነቅና የተንጠለጠለው መብራት ሲወዛወዝ አይተን፣ ልጆቻችንን አቅፈን በጨለማ በደረጃ ወርደናል።

በማግሥቱ በየመሥሪያ ቤቱ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንዱ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ከተማው ይፈርሳል» የሚል መልእክት በስልኩ ደርሶት ያሳያል፤ ሌላው «በአገራችን ታይቶ የማይታወቅ ጉድ ነው» ይላል። በመዝገብ ቤት የሚሠሩ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ባልደረባዬ ግን ወደ እኔ ቀርበው «ልጄ፣ አንተ በራዲዮ የምትናገር ሰው ነህ፤ ይህ ነገር ከዚህ በፊት ሆኖ ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። በማላውቀው ነገር አፌን ሞልቼ ከምናገር ብዬ፣ የመሥሪያ ቤቴን የትብብር ደብዳቤ አስጽፌ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድሁ።

የመጻሕፍቱ ኃላፊ ጥያቄዬን ከሰሙ በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አምጥተው በፊቴ አኖሩ። የደራሲው ስም ፒየር ጉዋን ይባላል። ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሲሆኑ፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዘመን በመምህርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 እና በ1958 የዓለም ሊቃውንት ምድርን ከየአቅጣጫው ለመመርመር ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ብለው በተስማሙ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ለመሬት መግነጢስ ወገብ የቀረበች በመሆኗ ለዚህ ሥራ ተፈላጊ ሆነች። በዚሁ ምክንያት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ፤ ጥቂት ቆይቶም የምድርን መንቀጥቀጥ የሚመዘግበው መሣሪያ ሥራውን ጀመረ። ጉዋን ይህን ተቋም መሠረቱ፤ የሥራቸውን ፍሬም በ1979 በካናዳ አሳተሙት።

መጽሐፉን በገለጥሁ ጊዜ የባልደረባዬ ጥያቄ መልስ አገኘ። በ1835 ዓ.ም. በአንኮበር ምድር ተንቀጥቅጣ፣ ተራራው ተንዶ፣ ቤትና ሰው አጥፍቷል። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ብርቱ መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬ ቤቶች ተጎዱ፤ ወደ ደሴ የሚወስደውም መንገድ ተሰነጠቀ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ ፈርሳ ሰዎች ሞቱ። እንግዲህ ታይቶ የማይታወቅ ያልነው ነገር ታይቶ የታወቀ፣ እኛ ግን የረሳነው ነገር ኖሯል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በአንኮበር ዘመን መመዝገቢያ መሣሪያ በአገራችን አልነበረም፤ ታዲያ ደራሲው ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ? ያወቁት ሰዎች ጽፈው ስለ ተዉት ነው። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የጻፉ ጸሐፊዎች፣ በአገሩ ያለፉ መንገደኞች፣ ወደ አገራቸው ደብዳቤ የላኩ ሚሲዮናውያን ያዩትን በጽሑፍ አስፍረዋል። ሊቃውንቱም እንዲህ ያለውን ቃል የሚመዝኑበት መርካሊ የሚባል ዐሥራ ሁለት ደረጃ ያለው ሚዛን አላቸው። የተኙ ሰዎች ብዙዎቹ ከነቁ ደረጃው 5 ነው ይላሉ፤ ከባድ የቤት ዕቃ ከስፍራው ከተነቃነቀና ምርጊቱ ከረገፈ 6 ነው፤ ደካማ ቤት ክፉኛ ከተጎዳ 7 ነው። ስለዚህ መሣሪያ በሌለበት ዘመን መሣሪያው የሰው ዓይንና የሰው ብዕር ነበረ። «ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ሰዉም ወደ ውጭ ሮጠ» ብሎ በአንድ መስመር የጻፈ ሰው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሊቅ ቁጥር አቀብሎታል።

ይህ ዕውቀት በመደርደሪያ ላይ ብቻ አልቀረም። ጉዋን በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አገሪቱን እንደ አደጋው መጠን በክልል ከፋፍለው አሳይተዋል፤ በ1995 በወጣው የሕንፃ ደንብም የምድር መንቀጥቀጥን የሚመለከት ራሱን የቻለ ክፍል አለ። እንግዲህ የሕንፃ ፈቃድ የሚሰጥ፣ የትምህርት ቤት በጀት የሚመድብ፣ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሹም ሁሉ፣ አወቀም አላወቀም፣ የእነዚያን የድሮ ጸሐፊዎች ምስክርነት በእጁ ይዞ ይፈርማል። ሳያነብ ቢፈርም ዕዳው በደመወዙ ሳይሆን በሰው ልጆች ላይ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከመጽሐፉ በኋላ በዩኒቨርሲቲው ለሕዝብ ክፍት ሆኖ በተደረገ አንድ ንግግር ላይ ተገኝቼ ነበር። መምህሩ በካርታ እንዳስረዱን፣ የስምጥ ሸለቋችን ግራና ቀኝ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊሜትር ይራራቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሥር የቀለጠ ዐለት ስንጥቁን ሰርጎ ይገባና ምድርን ይንጣል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ በዚህ ዓይነት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ተከፍቶ፣ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። የፈንታሌና የዶፈኑም ምክንያት ይኸው የቀለጠ ዐለት እንደሆነ አስረዱን። ከአዳማጮች አንዱ ተነሥቶ «ታዲያ መቼ ይመለሳል?» ቢላቸው፣ «ቀኑንና ሰዓቱን ለይቶ ሊነግርህ የሚችል ሊቅ በዓለም ላይ የለም፤ ስፍራውን ግን እናውቀዋለን፤ ቤትህን እንዴት እንደምትሠራም እናውቃለን» ሲሉ መለሱለት። ያን ጊዜ በስልክ የሚዞረው ትንቢት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ተረዳሁ።

በዩኒቨርሲቲው ያለው የሳይንስ ሀብት ይህ ብቻ አይደለም። በአራት ኪሎ የአገራችን ዕፀዋት ደርቀውና ስማቸው ተጽፎ የሚጠበቁበት ቤት አለ፤ ከዚያም የተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተፈጽሟል። «ሲኔት» የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ከ1978 ጀምሮ የሚታተም ነው። በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የታሪክ መዛግብት ይገኛሉ። ወደዚያ ለመሄድ ጊዜ ያጣ ሰው እንኳ የዩኒቨርሲቲውን ምሩቃን የጥናት ጽሑፍ፣ የጉዋንንም መጽሐፍ ጭምር፣ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ማንበብ ይችላል።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፣ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ወሬ በሰማችሁ ጊዜ ለሌላው ከማስተላለፋችሁ በፊት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ፤ ባይመቻችሁ ሰው ልካችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው፣ ምድር በተንቀጠቀጠች፣ ወንዝ ከልኩ በላይ በሞላ፣ ዝናብ በቀረ ጊዜ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሆነበትን ስፍራ፣ የወደቀውንና የቆመውን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ጻፉ፤ በመሥሪያ ቤታችሁም መዝገብ አስገቡ። ይህን ለማድረግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የድሮዎቹም ጸሐፊዎች የምድር መንቀጥቀጥ ሊቃውንት አልነበሩም፤ ያዩትን በታማኝነት የጻፉ ሰዎች ነበሩ።

ለባልደረባዬ መልሱን በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡ። ያን ሌሊት መብራቱ ስንት ጊዜ እንደ ተወዛወዘ፣ ከመደርደሪያው የትኛው ብርጭቆ እንደ ወደቀ፣ ሰዓቱ ስንት እንደ ነበረ በራሳቸው እጅ ጽፈው አስቀምጠውት ኖሯል። «ሠላሳ ዓመት መዝገብ ስጠብቅ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አሉኝ። ያን ወረቀት ቅጂውን አስቀርተን ዋናውን ወደ ዩኒቨርሲቲው ላክነው። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።