ከአቧራው በስተጀርባ የሚመጣ ሞገድ



 «የሰማይ ነገር ለእንጀራ ምን ይረዳል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለንና መልሱን ወደ መጨረሻው እናቀርባለን።

አንዳንድ ጋላክሲዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በዚያን ጊዜ ጋዛቸው ወደ መካከል ተሰብስቦ ይታመቃል፤ ከዋክብትም ከተለመደው እጅግ በሚበልጥ ፍጥነት ይወለዳሉ። የሚወለዱበትን ስፍራ ግን ወፍራም አቧራ ስለሚጋርደው ዓይን ሊያየው አይችልም። የራዲዮ ሞገድ ይህን አቧራ አልፎ ይመጣል።

ከነዚህ ሞገዶች አንዱን ማዜር ይሰጠናል። ሃይድሮክሲል የተባለው፥ አንድ ኦክሲጅንና አንድ ሃይድሮጅን ያለው ሞለኪውል፥ ከጋለው አቧራ በሚወጣው ጨረር ኃይል ያጠራቅማል። 18 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሞገድ ሲደርስበት ያጠራቀመውን በዚያው ርዝመት ይለቅቃል፤ ይህም ሌላውን ይቀሰቅሳል፥ ሌላውም ሌላውን። የአንዱ ሞለኪውል ኃይል ከምንም አይቆጠርም፤ ዳሩ ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው።

በ1982 እ.ኤ.አ. በፖርቶ ሪኮ የነበረው፥ 305 ሜትር ስፋት ያለው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ አርፕ 220 ከተባለ ጋላክሲ ይህን ሞገድ ተቀበለ። ርቀቱ 250 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ኃይሉ በእኛ ጋላክሲ ካሉት ማዜሮች በሚሊዮን እጅ ስለበለጠ ሜጋማዜር ተባለ። ያ ቴሌስኮፕ በ2020 ፈረሰ፤ ሥራው ግን በሌሎች እጅ ቀጠለ። በ2022 በደቡብ አፍሪካ 64 ሳሕኖች ያሉት ሜርካት 5 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ከሚርቅ ስፍራ ሜጋማዜር ማግኘቱ ተነገረ። ያ ሞገድ ጉዞውን ሲጀምር ምድራችን ገና አልነበረችም። ለሕዝብ በቀረበ ውድድርም በዙሉ ቋንቋ ንካላካታ፥ ማለት «ታላቅ አለቃ»፥ ተብሎ ተሰየመ።

እንግዲህ ወደ እንጀራው ጥያቄ እንመለስ። ቻርልስ ታውንስ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማዜርን ለመሥራት ሲደክም፥ ራቢና ኩሽ የተባሉት ታላላቅ ባልደረቦቹ ገንዘብ በከንቱ ይባክናል፥ ተወው ብለውት ነበር። እርሱ ግን አልተወም፤ በ1954 ከተማሪዎቹ ጋር ሠራው። ከማዜር ሌዘር ተወለደ፤ ዛሬም ዓይን ይታከምበታል፥ መልእክትም ባሕር ይሻገርበታል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጃችሁ ጥቅሙ ዛሬ የማይታይ ትምህርት ቢመርጥ ቶሎ «ተወው» አትበሉት። እናንተም ታናናሾቻችን፥ ሒሳብንና ፊዚክስን ለፈተና ብቻ አትማሩ፤ ከሩቅ የመጣ ሞገድ የሚያስተውለው ተማሪ ይፈልጋልና።