አዋቂ የሆኑ ልጆቻችን የት ይዋሉ?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ስለ አካል ጉዳተኞች የቀን ውሎ ሥልጠና የቀረበ ንግግር)





ዛሬ ጧት ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ መጋዘን ግንባታ ብዙ ተነግሯል። እኔ የምናገረው ደግሞ በሪፖርቱ ውስጥ ስላልተቆጠሩ የቤታችን ሰዎች ነው። በልዩ ፍላጎት ሥልጠና ሙያ ስሠራ ከገበሬው ቤት ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጄ አድጓል፤ ትምህርት ቤት አልገባም፣ ወይም ገብቶ አቋርጧል፤ ቀን ቀን የት ይዋል?» የሚል።

ስለ ሕፃናቱ ጥቂትም ቢሆን ይወራል። ልዩ ፍላጎት ክፍል የከፈቱ ትምህርት ቤቶች አሉ። ልጁ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ግን ወሬውም ይቀራል። ዳውን ሲንድረም ወይም ኦቲዝም ያለበት፣ ወይም በወሊድ ጊዜ በደረሰበት ጉዳት አእምሮው በዝግታ ያደገ ሰው ጢም አብቅሎ፣ ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ በቤቱ «ልጁ» እየተባለ ይኖራል። አባትና እናት በሕይወት እስካሉ ይበላል፣ ይለብሳል። እነሱ ሲያልፉ መሬቱን ወንድሞቹ ይካፈሉታል፤ እሱ ደግሞ ለዕለት እንጀራ ከብት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ከተማ ወጥቶ ይለምናል። ይህን የማያውቅ ቀበሌ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

አንዳንዱ ደግሞ ቀኑን በገመድ ታስሮ ይውላል። ይህን ስናገር ፊታችሁን እንዳታዞሩ እለምናለሁ። እናቲቱ ጨካኝ ስለሆነች አይደለም የምታስረው። ውሃ መቅዳት አለባት፤ አረም አለ፣ ገበያ አለ። ልጁ ወንዝ እንዳይገባ፣ መኪና እንዳይገጨው፣ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ክፉ ሰው እንዳያገኛት ትፈራለች። ጠባቂ የላትም፤ ገመዱ የጠባቂ ምትክ ነው። እናቲቱን በመውቀስ ወይም በመቅጣት ገመዱን መፍታት አይቻልም። ሰውየው ቀኑን የሚውልበት የታመነ ቦታ ሲገኝ ግን በዚያው ቀን ይፈታል። ስለሆነም የቀን ውሎ ማዕከል ስንከፍት ነፃ የምናወጣው ሁለት ሰው ነው፤ ሠልጣኙንና እናቱን።

የቀን ውሎ ማዕከል ሆስፒታል አይደለም፤ ማደሪያም አይደለም። ሠልጣኙ እንደማንኛውም ሠራተኛ ጧት መጥቶ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሚያስፈልገው ጥላ ያለው ቤት፣ ውሃ፣ ወንበር የገባለትና በር ሰፊ የሆነ መጸዳጃ፣ የሠለጠኑና ትዕግሥት ያላቸው ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እውነተኛ ሥራ ነው።

ሥልጠናው እንዴት እንደሚሰጥ ጥቂት ላብራራ፤ ብዙ ሰው «እነሱ ምን ይማራሉ?» የሚለው አሠራሩን ስላላየ ነው። ሸሚዝ መልበስ ለእኛ አንድ ሥራ ነው። ዘርዝረን ስንቆጥረው ግን ፊትና ኋላውን መለየት፣ አንዱን እጅ ማስገባት፣ በጀርባ አዙሮ ሌላውን ማስገባት፣ ኮሌታውን ማስተካከል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቁልፍ መቆለፍ፣ ከአሥር የማያንሱ ሥራዎች ሆኖ እናገኘዋለን። አሠልጣኙ እነዚህን አንድ በአንድ ይጽፋቸዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከመጨረሻው ይጀምራል። ሁሉንም ራሱ ያለብሰውና የመጨረሻዋን ቁልፍ ብቻ ለሠልጣኙ ይተውለታል። ሠልጣኙ ያቺን ሲቆልፍ ሥራውን የጨረሰው እሱ ነው፤ ደስታውም የእሱ ነው። ስትለመድ የመጨረሻዎቹ ሁለት ይተዉለታል፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል።

እርዳታውም ደረጃ አለው። በመጀመሪያ እጁን ይዞ ማሠራት፣ ቀጥሎ ሠርቶ ማሳየት፣ ቀጥሎ በጣት ማመልከት፣ በመጨረሻም በቃል ማስታወስ ብቻ። እርዳታው በየሳምንቱ ካልቀነሰ እያገለገልነው ነው እንጂ እያሠለጠንነው አይደለም። በየቤቱ የማየው ትልቁ ችግር ይኸው ነው፤ ቤተሰቡ ከፍቅር የተነሳ ሁሉን ይሠራለታል፣ እሱም እጁን አጣጥፎ ያረጃል።

ገንዘብ ማወቅም አንዱ ትምህርት ነው። መቁጠር የማይችል ሰው ብርን በቀለሙ ይለያል። በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ አረንጓዴው መቶ ብር ቀረና አሥሩ ብር አረንጓዴ ሆኖ መጣ። እኛ ጋ ትንሽ ያስቸገረ ነገር በቀለም ለተማረ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ትምህርቱ እንደገና ከሥር ይጀመራል፤ ለዚህ ነው ሥልጠናው የሦስት ወር ሆኖ ምስክር ወረቀት ተሰጥቶበት የማይዘጋው። ከዚህ ሌላ መንገድ ማቋረጥ፣ የቤቱንና የቀበሌውን ስም መናገር፣ ለሴቶቹ የወር አበባ ንጽሕና፣ ለሁሉም ደግሞ «እምቢ፣ አትንካኝ» ማለትና የሆነውን ለሚያምኑት ሰው መንገር ይሰጣሉ። በእኔ ዕይታ ይህ የመጨረሻው ከሙያው ሁሉ ይቀድማል።

ወደ ሙያው ስመጣ ግልጽ አስተያየት አለኝ። በአካል ጉዳተኞች ሥልጠና ስም ሻማና ጌጣጌጥ ማሠራት የተለመደ ነው። ለከተማ ይሆን ይሆናል። በእኛ ገበያ ማን ይገዛዋል? በየመጋዘናችን ደጅ ግን በየዓመቱ ሰው የሚፈለግበት ሥራ አለ። ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቦሎቄ በእጅ ይለቀማል። ሠልጣኙ ፊት ሁለት ቦታ የተከፈለ ገበታ ይቀመጥለታል፤ ባንዱ ወገን ጥሩው ፍሬ፣ በሌላው ወገን የተሰበረው፣ ቀለሙ የተበላሸውና ጠጠሩ በናሙናነት ተለጥፎበታል። የሚለየው ከናሙናው ጋር እያስተያየ ነው፤ ማንበብ አያስፈልገውም። እንቁላል ማሸግም እንዲሁ ነው። ማስቀመጫው ሠላሳ ጉድጓድ አለው፤ ሲሞላ ሠላሳ ሆነ ማለት ነው፣ ሰውየው ባይቆጥርም። የችግኝ ፕላስቲክ አፈር መሙላት፣ የተቀደደ ጆንያ መስፋት፣ የዶሮ ቤት ማጽዳት፣ ሁሉም እንዲህ ሊከፋፈሉ የሚችሉ ናቸው። እኛን የሚያሰለች የአንድ ዓይነት ሥራ ድግግሞሽ አንዳንዱን ሠልጣኝ ያረጋጋዋል። ሁሉንም አይደለም፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው የወፍጮ ድምፅ አጠገብ ሲቀመጥ ጆሮውን ይዞ ሊጮህ ይችላል፤ ችግኝ ጣቢያ ስትወስዱት ደግሞ ውሎ የሚያድር የሚመስል ሠራተኛ ይወጣዋል። ሥራውን ለሰውየው መምረጥ የአሠልጣኙ ድርሻ ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በኔዘርላንድ ገበሬዎች የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች በእርሻቸው ላይ ቀን ቀን እየተቀበሉ ከብት በመቀለብና አትክልት በመንከባከብ ያውሏቸዋል፤ ለዚህ አገልግሎትም ክፍያ ያገኛሉ። እንዲህ ያሉት እርሻዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ መቶ አይሞሉም ነበር፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ግን ከአንድ ሺህ አልፈዋል። ጣሊያን ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ሕግ ቁጥር 381 መሠረት የሥራ ዕድል ለመፍጠር የሚቋቋም ማኅበራዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ከመቶ ሠራተኞቹ ቢያንስ 30 የሚሆኑት አካል ጉዳተኞች ወይም በሌላ ምክንያት ሥራ የተነፈጉ ሰዎች መሆን አለባቸው፤ መንግሥትም ለእነዚህ ሠራተኞች የሚከፈለውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ያነሳላቸዋል። የእነሱ ሀብት የለንም። ሥራና ግቢ ግን አለን።

በአገራችንም ጅምሩ አለ። ቼሻየር ለአሥርተ ዓመታት በተሃድሶ ሥራ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ወ/ሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ውስጥ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ወላጅ ብቻውን ተነስቶ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቷል። ይሁንና የእኛ አባል የሆነች እናት ልጇን ይዛ በየቀኑ አዲስ አበባ ልትመላለስ አትችልም።

የሥራ ኃላፊዎች ስላላችሁ ስለ ሕጉም አንድ ቃል ልበል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራና የሥልጠና ሁኔታን እንዲያመቻች ያስገድዳል። በ2002 ዓ.ም. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም ሥራን መብት ያደርገዋል። እኛ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ሰባተኛው መርሃችን ለማኅበረሰቡ ማሰብ ነው። የመጀመሪያው መርህ አባልነት ያለ ፆታ፣ ያለ ዘር፣ ያለ ሃይማኖት ልዩነት ክፍት ነው ሲል አካል ጉዳትን በስም አልጠቀሰም፤ ያ ማለት ግን በሩ ዝግ ነው ማለት አይደለም።

አንድ የምፈራውን ነገር ሳልናገር አልወርድም። «ሠልጣኝ» በሚል ስም ነፃ ጉልበት ማግኘት ቀላል ነው። ሰውየው አይከራከርም፣ ቤተሰቡም «እንኳን ዋለልኝ» ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለሌላው ለቃሚ በኪሎ የሚከፈለው ለሠልጣኙም በኪሎ ይከፈለው፤ አራት ኪሎ ከለቀመ የአራት ኪሎ። ገንዘቡም በስሙ በተከፈተ የቁጠባ ደብተር ይግባ፤ በወንድሙ ስም አይሁን።

ለጉባኤው የማቀርበው ጥያቄ ሦስት ነገር የያዘ ነው። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከመጪው የመኸር ምርት ርክክብ በፊት በአባሎቹ ቤት ያሉትን ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ አካል ጉዳተኞች ይመዝግብ፤ ምዝገባውን ከወንዶቹ ይልቅ የሴቶች ኮሚቴዎች ቢይዙት ይሻላል፣ የተደበቀውን በር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሥራ አመራር ቦርዱ በአሮጌው መጋዘን ጎን ያለውን ባዶ ክፍል ለአሥራ አምስት ሠልጣኞች ይፍቀድ፤ ለሁለት አሠልጣኞች ደመወዝም ከማኅበራዊ አገልግሎት በጀት ይያዝ። የወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ደግሞ አሠልጣኞቹን በማሠልጠን ይተባበሩን። መዝገቡን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። የራሳችሁን ቤት መጀመሪያ ጻፉ።