ስለ አንድ የገጠር ከብት ሐኪምና ስለ ቤተ ሰቡ የተነገረ ቃል



የጫጉላውን ቀኖች በከብት በረት ስላሳለፈ ሙሽራ ልነግራችሁ እወዳለሁ። በብዕር ስሙ ጄምስ ሄሪየት የተባለው አልፍሬድ ዋይት፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1940 ዓመት፣ በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ተርስክ በምትባል ትንሽ ከተማ የከብት ሐኪም ሆኖ ገባ። በ1941 በዚያው በማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን ጆአን የምትባለውን አገባ። ወዲያው ከሰርጉ በኋላ ላሞችን ለሳንባ ነቀርሳ ሊመረምር ወጣ፤ የላሚቱን አንገት በመርፌ ይወጋና በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እብጠቱን ይለካል። ሙሽራይቱም ቍጥሩን ትጽፍለት ነበር። ነገሩ ሊያስቀን ይችላል፤ ነገር ግን የታመመች ላም ጥሬ ወተት ሕፃናትን ይገድል ነበርና ሥራው የሚዘገይ አልነበረም።

ከዚያም ወዲህ ሌሊት በተጠራ ጊዜ ከሞቀ አልጋው ተነሥቶ፣ በብርድ ክንዱን እስከ ትከሻው አራቍቶ ጥጃ ያዋልድ ነበር። ልጆቹ ጂምና ሮዚ በመኪና አብረውት ይዞሩ ነበርና ሁለቱም እንደ አባታቸው ሊሆኑ ወደዱ። ወንዱ ሆነ። ሴት ልጁን ግን የሥራውን ድካም ስለሚያውቅ ከለከላት፤ እርስዋም የሰው ሐኪም ሆነች። በዚህ ነገር አባትየው የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ልጅቱ በበረት ያደገች ነበረችና። እርሱ ራሱ ግን በ1970 የመጀመሪያው የእንስሳት ታሪክ መጽሐፉ ወጥቶ ስሙ በዓለም ከተሰማ በኋላ እንኳ፣ በዚያችው ከተማ ከብት ማከሙን አልተወም።