ቃሊቲና የተገደበ ሥልጣን ትርጉም



የሥነ ዜጋ ትምህርት ስለ ሕግ የበላይነት ሲያስረዳ አብዛኛውን ጊዜ ከፓርላማ ይነሣል። እኔ ግን ከአቃቂ ቃሊቲ፣ ከማረሚያ ቤቱ እነሣለሁ። የመንግሥት ሥልጣን ወሰን ያለው መሆኑ በግልጽ የሚፈተነው ሰው በመንግሥት እጅ ሲገባ ነውና።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ወሰን በቁጥር ሳይቀር ያስቀምጣል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ የመንገዱ ጊዜ አይታሰብም። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ እስካልተፈረደበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመገመት መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው ከዘመዶቹ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብቱን ይጠብቅለታል።

እነዚህ መብቶች የማን ናቸው? ብርቱካን ሚደቅሳ ዳኛ ነበሩ፤ በኋላ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ሆነው በቃሊቲ ታሰሩ። በ2003 ዓ.ም. መስከረም ወር ተፈቱ፤ በ2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በአንድ ሰው ዕድሜ ፈራጅነት፣ ታሳሪነትና ሹመት ተፈራረቁ። ወንበሩ እንዲህ የሚዘዋወር ከሆነ፣ ዛሬ ለባላጋራችን የምንነፍገው መብት ነገ እኛኑ ሊጎድለን ይችላል። ለምንወደው ሰው ብቻ የምንጠይቀው መብት ውለታ እንጂ ሕግ አይባልም።

ስለዚህ የአንድ ሰው መታሰር ሲነገራችሁ፣ «የማን ወገን ነው?» ከማለታችሁ አስቀድማችሁ «በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ቀርቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።