ገበያው በስልክ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ነጭ ሽንኩርት ሽያጭ ነው። «ታዲያ ስልክ ምን አገባው?» ትሉኝ ይሆናል። ስሙኝማ።

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የጎንደርን ዋጋ ደላላው ያውቃል፤ ገበሬው አያውቅም። ደላላው «ዋጋ ወድቋል» ካለ ወድቋል ነው፤ ማን ይከራከረዋል?

አሁን ግን ፌስቡክና ቴሌግራም የሚባሉ ማኅበራዊ መገናኛዎች በስልክ ገብተዋል። ፌስቡክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004፣ ቴሌግራም በ2013 ተጀመሩ። አንድ የቴሌግራም ቡድን እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ይህን ያህል ሕዝብ ቅዳሜ ገበያም አይወጣም! አምስት ጎረቤታሞች ሽንኩርታቸውን ፎቶግራፍ አንስተው፣ ስንት ኩንታል እንደሆነና የት እንደሚገኝ ቢጽፉ፣ ጎንደር ያለው ባለ ምግብ ቤት በቀጥታ ሊደውልላቸው ይችላል። ከአምስቱ አንዱ ባለ ካሜራ ስልክ ካለው ይበቃል። «ልጄ ይጻፍልኝ» አትበሉ፤ ፊደሉን እናንተም ቆጥራችኋል። ፎቶግራፉ ግን እውነተኛ ይሁን። ከላይ ደህናውን፣ ከታች የተበላሸውን አድርጎ የሸጠ፣ ወሬው በዚያው ስልክ ይዞርበታል።

ገንዘቡስ? ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ። ገዢው «ልኬያለሁ» ብሎ መልእክት ቢያሳያችሁ ዕቃውን አትልቀቁ። በራሳችሁ ስልክ *127# ደውላችሁ ሒሳባችሁን እዩ። የምስጢር ቁጥራችሁን «ከቴሌ ነኝ» ለሚልም አትንገሩ።

ኢንተርኔት ደግሞ ይጠፋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቷል። ስለዚህ የገዢዎቻችሁን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይም ጻፉት።