አዋቂን አንናቅ



በሐይቅና በአምባሰል ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ይታሽለታል፤ ኮሶ የታየበትም የኮሶ አበባ ይጠጣ ነበር። ይህን የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ግን «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» እያልን እንንቃለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣ ሞቶ ቢያዩ፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል ተረዱ። የምርምሩ መነሻ የድኻ ሴቶች ልማድ ነበር።

በልግ ሲቀር እህሉም ቅጠሉም አብሮ ይደርቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ ችግሩ ተሸሽጎ ቆየ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ኮሶ ከልክ ሲያልፍ ይጎዳልና የአዋቂውን ልምድ ከሐኪሙ ምርመራ ጋር እናገናኝ፤ ዛፉን እንትከል፤ የተራበውን ጎረቤት አይተን እንዳላየ አንለፍ።