ድንገተኛ ለውጥና የንግድ ሥራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት ርእስ፣ ወረርሽኝን የመሰለ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ የንግድ ሥራ እንዴት ጸንቶ ሊቆም ይችላል የሚለው ነው። በሰበታ የምንኖር ብዙዎቻችን ከፋብሪካ፣ ከአበባ እርሻ፣ ከመኪናና ከንግድ ሥራ በሚገኝ ገቢ ያደግን ስለሆንን፣ ሥራ ቆመ ማለት እንጀራ ቆመ ማለት መሆኑን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

አገራችን ለወረርሽኝ እንግዳ አይደለችም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየጠረግን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ ያንኑ ዘመን ያስታውሰናል። ይህ ልማድ ቤትንና ደጅን ስለ ማጽዳት ያስተምረናል፤ ሥራን ስለ ማዳን ግን በእኛው ዘመን ከሆነው መማር ይገባናል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ያን ጊዜ በታችኛው ክፍል የነበርነው ልጆችም ቤት ዋልን። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሕዝብ ማመላለሻ መኪናም ከወንበሩ ግማሹን ብቻ እንዲጭን ታዘዘ።

በዚህ ጊዜ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ አጣ። አገሮች ድንበራቸውን ስለ ዘጉ አብዛኛው በረራ ተቋረጠ። ነገር ግን አየር መንገዱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሃያ አምስት ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበራቸው ተነቅሎ ዕቃ ጫኑ፤ መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያም ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች አደረሱ። ቋሚ ሠራተኞቹን ሳይበትን፣ ከመንግሥት የመደጎሚያ ገንዘብ ሳይለምን ያን ዘመን ተሻገረ። አየር መንገዱ ያጣው መንገደኛውን ነው እንጂ አውሮፕላኑን፣ አብራሪውንና መካኒኩን አይደለም። ስለዚህ «ምን እሸጥ ነበር?» ብሎ ከማዘን ይልቅ «በእጄ ምን አለ? ዛሬስ ማን ይፈልገዋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ይህ ለትልቅ ድርጅት ነው እንጂ ለሁሉ አይሆንም» የሚል ቢኖር፣ እውነት አለው። በሰበታና በሆለታ አካባቢ ያሉትን የአበባ እርሻዎች እንመልከት። አበባ እንደ ጤፍ በጎተራ አይቀመጥም፤ ከተቆረጠ በኋላ ያለ ገዢ ጥቂት ቀን ቢያድር ይጠወልጋል። በዚያው መጋቢት ወር በኔዘርላንድ የአልስሜር የአበባ ጨረታ ዋጋ ወደቀ፤ እጅግ ብዙ አበባም ተጣለ። መንግሥት ለውጭ የሚላክ አበባ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ገደብን አነሣ፤ ብሔራዊ ባንክም ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር እንዲያቀርብ ተወሰነ። ይሁን እንጂ ተክሉ ሽያጭ ቢኖርም ባይኖርም ውሃና መከርከም ይፈልጋል። ሠራተኛውን አሰናብቶ ተክሉን ያደረቀ ባለ እርሻ፣ ገበያው በተከፈተ ጊዜ የሚሸጠው አይኖረውም። ስለዚህ ሠራተኛን መጠበቅ ቸርነት ብቻ ሳይሆን የነገን ሥራ መጠበቅም ነው።

ትንሹም ነጋዴ ከዚህ የሚማረው አለ። ጭምብል ማድረግ ግዴታ በሆነ ጊዜ ብዙ ልብስ ሰፊዎች ባላቸው መኪና የጨርቅ ጭምብል ሰፍተው ቤታቸውን አስተዳደሩ። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮና ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን ከማስታወቁ አስቀድሞ እንኳ የጭምብል ገበያ ቀዝቅዞ ነበር። ጭምብል ብቻ ይዞ የቀረ ሁለተኛ ጊዜ ይከስራል። አየር መንገዱም ቢሆን መንገደኛው ሲመለስ ወንበሩን መልሶ ገጥሟል። ለውጥ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚቀር ነገር አይደለምና፣ መሄድን ያወቀ መመለስንም ማወቅ አለበት።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ሱቅም ሆነ ጉሊት ያላችሁ፣ የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ወጪ ለይታችሁ በደብተር መጻፍ፣ ከትርፉ ጥቂት ማስቀመጥ፣ በአንድ ገዢ ወይም በአንድ ዕቃ ብቻ አለመታመን በደኅናው ቀን የሚሠራ ሥራ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

እኛም ተማሪዎች፣ የምንማረውን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ሥራ በተለወጠ ጊዜ እጃችን ሌላ ነገር ለመሥራት እንዲችል እንማር። ሒሳብ የያዘ፣ መሣሪያውን የሚያውቅና አብሮት የሚሠራውን የማይጥል ሰው ክፉ ቀን ቢያገኘው እንኳ ባዶ እጁን አያገኘውም።